ሰውን «ተራ» አትበሉ፦ ለዜና ክፍሎች፣ ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮዎችና ለሕግ አርቃቂዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የዜና አዘጋጆችና አርታኢዎች፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ ሕግ አርቃቂዎች፣ እንዲሁም መዝገበ ቃላት ለምታዘጋጁልን ምሁራን፤

ጉዳዩ፦ «ተራ» የሚለውን ቅጽል ለሰውና ለሰው ሕይወት መጠቀምን ይመለከታል።

ሥራዬ የሌሎች ሰዎችን ጽሑፍ ማረም ነው። የመጽሔት መጣጥፍ፣ የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አልፎ አልፎም ልብ ወለድ በእጄ ያልፋል። አስቸጋሪ ቃል ሲገጥመው ጸሐፊው ራሱ ቆም ብሎ ያስባል፤ ይጠይቃል፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ሳይታሰብበት ከብዕር የሚወርደው ሁሉም የሚያውቀው ትንሽ ቃል ነው። ከእነዚህ ትናንሽ ቃላት መካከል «ተራ» የሚለውን ለብዙ ዓመታት ስከታተለው ቆይቻለሁ። ዛሬ በይፋ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ቃሉ በየዕለቱ ከእናንተ እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ጆሮ ስለሚደርስ፣ በሚደርስበትም ቦታ ሰውን እያሳነሰ ስለ ሆነ ነው።

«በስብሰባው ላይ ተራ ዜጎችም ተገኝተዋል።» «ከሟቾቹ ሁለቱ የሥራ ኃላፊዎች ሲሆኑ የቀሩት ተራ ተሳፋሪዎች ናቸው።» «ከተራ ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም አስተዋጽኦ አድርጓል።» የዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግመው ይመጡልኛል። ጸሐፊዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሦስተኛውን የጻፈው እንዲያውም ማመስገኑ ነው። ነገር ግን ቃሉን አውጥታችሁ ደግማችሁ አንብቡት። «በስብሰባው ላይ የአካባቢው ነዋሪዎችም ተገኝተዋል።» «ከሟቾቹ ሁለቱ የሥራ ኃላፊዎች ነበሩ።» «ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም አስተዋጽኦ አድርጓል።» የጠፋ መረጃ የለም፤ የጠፋው ንቀቱ ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለተኛው በተለይ ያመኛል። በመኪና አደጋ ልጇን ያጣች እናት ማታ ዜና ስትሰማ የልጇ ስም ላይጠራ ይችላል፤ የአየር ሰዓቱ አጭር ነው፣ ዝርዝሩም ገና አልተጣራ ይሆናል። ስሙ ሳይጠራ መቅረቱን ትረዳለች እንበል። «ተራ» መባሉን ግን ምን አመጣው?

ቃሉን ጠልቼው እንዳልሆነ ላስረዳ። «ተራ» በአማርኛ ውስጥ እጅግ ከማከብራቸው ቃላት አንዱ ነው። መደዳ ነው፤ ሰልፍ ነው፤ ፈረቃ ነው። መርካቶ ገብታችሁ ሸማ ተራን፣ ጎማ ተራን፣ በርበሬ ተራን ብትጠይቁ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የተቀመጡበትን ስፍራ ያሳዩአችኋል። ምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ፣ ያረጀ በርሜልና የተሰበረ ብረት በሰው እጅ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት መንደር ነው። አውቶቡስ ተራና አትክልት ተራም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። በታክሲ መሳፈሪያ ላይ ሰልፉን የሚቆጣጠሩት ወጣቶች «ተራ አስከባሪ» ይባላሉ። በቦኖ ውሃ ዘንድ ባለቤቱ ዞር ቢል እንኳ ጀሪካኑ በእርሱ ፋንታ ተራ ይይዛል፤ ጀሪካኑን ገፍቶ ራሱን የሚያስቀድም ሰው ከመንደሩ ሴቶች የሚገጥመውን ያውቀዋል። በጽዋ ማኅበር ደግሞ ጽዋውን ተረክቦ የሚደግሰው ሰው «ተረኛ» ነው። ደሃም ይሁን ሀብታም፣ ተራው ሲደርስ ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ቄሱም ይመጣሉ፤ በዚያ ቀን ያ ቤት የሁሉም ቤት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ተራ» የፍትሕ ቃል ነው። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል፤ ኋላ የመጣ ይጠብቃል፤ የሁሉም ቀን ይደርሳል። በሕዝቡ ዘንድ የሚነቀፈው ተራ የጣሰ ሰው ነው።

ከመደዳ ተነሥቶ «ማዕረግ የሌለው» ወደሚል ፍች የተሻገረበት መንገድም ለመረዳት አይከብድም። በመደዳ የቆመ ሰው ከብዙዎች አንዱ ነው፤ ከፊት ወጥቶ አልቆመም። «ተርታ» የሚለው ቃል በዚያው መንገድ ሄዷል፤ «በተርታ ተሰለፉ» እንላለን፣ «ተርታው ሰው» እንላለን። በወታደር ቤት ቃሉ ሥራውን በትክክል ሲሠራ ኖሯል። የማዕረግ ስሞቻችን ብዙዎቹ በቁጥር የተሠሩ ናቸው፤ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። በሰልፉ ውስጥ ቆሞ ማንንም የማያዘው ተራ ወታደር ነው። ይህ ስለ ቆመበት ቦታ የተነገረ ነው፤ ስለ ሰውየው ጀግንነትም ሆነ ዋጋ አንዳች አይልም።

አበበ ቢቂላን አስቡት። ከደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከጃቶ፣ መጥቶ ክብር ዘበኛ የገባ ወታደር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በርቀቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያ የፈጠነ ሰው አልነበረም። የአሥር አለቃነት ማዕረግ የተሰጠው ከድሉ በኋላ ነው። ያን ምሽት በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ፣ ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል የሮጠው ሰው በማዕረግ መዝገብ ላይ ምንም አልነበረም ማለት ነው። በማዕረግ ትርጉሙ «ተራ» ብትሉት እውነት ተናገራችሁ። በሌላው ትርጉሙ ግን ይህን ቃል ለእርሱ የሚያውል አንደበት በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም። እንግዲህ ሁለቱ ትርጉሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቃል እንጠራለን።

ሌላው ትርጉም የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ተራ ወሬ፣ ተራ አሉባልታ፣ ተራ ስድብ፣ ተራ ሌባ፣ ተራ ማጭበርበር። እዚህ ላይ ቃሉ ስለ ቦታ መናገሩን ትቶ ስለ ዋጋ ይፈርዳል፤ አይረባም፣ ለመልስ እንኳ አይበቃም ይላል። የፖለቲካ መግለጫዎች ይህን አጠቃቀም በጣም ይወዱታል፤ የተቃራኒ ወገንን ክስ «ተራ ፕሮፓጋንዳ» ብሎ ማለፍ ማስረጃ ከማቅረብ ይቀላልና። በአንድ የጋዜጣ ገጽ፣ አንዳንዴም በአንድ መግለጫ ውስጥ፣ ከላይ «ተራ አሉባልታ» ከታች «ተራ ዜጋ» ተጽፎ አገኛለሁ። አንባቢው ሁለቱን በምን እንዲለያቸው ነው የተጠበቀው? ጆሮ የሰማውን ቃል ከዚያ በፊት ከሰማበት ቦታ ጋር ያያይዘዋል። ጸሐፊው «ሥልጣን የሌለው» ለማለት ፈልጎ «ተራ ሰው» ሲል፣ የሚሰማው «የማይረባ ሰው» ይሆናል። የጸሐፊው ቅን ልብ በወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ቃሉ ነው።

በሌሎች ቃላት ላይ የደረሰውን ስለማውቅ ይህ ያሳስበኛል። «ባላገር» ማለት የአገር ባለቤት ማለት ነው፤ አገር ያለው፣ ርስቱ ላይ ተቀምጦ የሚያርስ። ከዚህ የበለጠ ኩሩ ስም ለገበሬ ሊወጣለት አይችልም ነበር። ከተሜው ወሰደውና ስድብ አደረገው፤ ዛሬ ልጆች እርስ በርሳቸው ሊናናቁ ሲፈልጉ የሚወራወሩት ቃል ሆኗል። «አልባሌ» የሚለውንም እዩ። «አልባሌ መስሎ ገባ» ሲባል ሰውየው ልብሱን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም ሳይለየው፣ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ሆኖ ገባ ማለት ነው፤ ጥፋትም ርኩሰትም የለበትም። አሁን ግን «ወጣቶች በአልባሌ ቦታ እንዳይውሉ» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀብሯል። የትኛው ቦታ ነው አልባሌ? ጫት ቤቱ ነው? መጠጥ ቤቱ ነው? ከረንቦላ ቤቱ ነው? ወይስ ሥራ ያጣ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት የድንጋይ አጥር? ቃሉ አይነግረንም፤ የሚነግረን ተናጋሪው እነዚያን ልጆች ከላይ ሆኖ እንደሚያያቸው ብቻ ነው። በነዚህ ቃላት ላይ ብዙ ተዘግይቷል። «ተራ» ግን ገና አልወደቀም፤ በጽዋ ማኅበርና በታክሲ ሰልፍ ላይ አሁንም በክብር ይኖራል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይምታታ ልለይ። ሰው ስለ ራሱ «እኔ ተራ ሰው ነኝ» ቢል ማንም ሊያርመው አይገባም። በእኛ ባህል ራስን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። ሊቁ «ምን አውቄ» ይላል፤ ደግሶ ያበላው «ምንም ሳላቀርብ» ይላል። ነገር ግን ደግሶ ላበላችሁ ሰው «አዎ፣ ምንም አላቀረብክም» አትሉትም። ትሕትና ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ነው ትሕትና የሚሆነው፤ ከሌላ አፍ ሲወጣ ስድብ ነው። የዜና አንባቢም ሆነ የመሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ስለ ሌላ ሰው ነውና የሚናገረው፣ ይህ ትሕትና የእርሱ አይደለም።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ልምጣ። የወንጀል ሕጋችን ሰው መግደልን በደረጃ ይከፍለዋል። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው ሕግ አንቀጽ 539 ከባዱን ግድያ ይመለከታል፤ ታስቦበት የተፈጸመ፣ በጭካኔ የተፈጸመ፣ ቅጣቱም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሆነ። አንቀጽ 541 ደግሞ ገዳዩን ለድርጊቱ የገፋፋው ሁኔታ ቅጣቱን የሚያቀልለትን ግድያ ይመለከታል። በሁለቱ መካከል አንቀጽ 540 አለ። ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ይህ መካከለኛው ደረጃ በችሎትም በዜናም ሲጠራ የኖረው «ተራ የሰው ግድያ» እየተባለ ነው።

አከፋፈሉን አልነቅፍም። ሕግ ጥፋትን ካልመዘነ ፍርድ አይሆንም፤ ለመመዘን ደግሞ ስም ያስፈልገዋል። ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ቃሉን ሲጠሩ በልባቸው ያለው የመጀመሪያው ትርጉም፣ የደረጃው ትርጉም፣ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በችሎቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቡ። ከገጠር ተነሥቶ፣ ለመንገዱ ተበድሮ፣ የልጁን ገዳይ ፍርድ ለመስማት የመጣ አባት ይቀመጣል። ዳኛው ውሳኔውን ያነባሉ። ከሁሉ ነገር መካከል ለይቶ የሚሰማው አንድ ቃል «ተራ» ነው። እንደ ሕግ ሰው ሊሰማው አይችልም፤ ገበያ ላይና ጠብ ላይ በሚሰማበት ጆሮው ነው የሚሰማው። ወጥቶ «የልጄ ሞት ተራ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስረዳው ሰው በደጅ ቆሞ አይጠብቀውም። በማግስቱ ደግሞ የዜና ክፍሉ የፍርዱን ቃል እንዳለ ወስዶ በርእስ ላይ ያወጣዋል፤ ሬዲዮውም ይደግመዋል፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጎረቤትም ይሰማዋል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቁ በስዊስ ሊቅ በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ የተዘጋጀና ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ግድያን በሦስት ደረጃ መክፈሉም ከዚያ የመጣ ነው። የዚያን ዘመን ተርጓሚዎች በዘመናዊ ሕግ መናገር ገና ለጀመረ ቋንቋ ቃል ማውጣት ነበረባቸው፤ የሠሩትን ሥራ ባየሁ ቁጥር አደንቃቸዋለሁ። ለዚያ መካከለኛ ደረጃ «ተራ» የሚለው ቃል በዘመናቸው ተስማሚ መስሎ የታያቸው ይመስለኛል፤ የሰልፍና የማዕረግ ትርጉሙ ያን ጊዜ ከዛሬው የጎላ ነበርና። በእኛ ዘመን ግን የንቀት ትርጉሙ አሸንፎታል። ቃሉን «መደበኛ» በሚል እንተካው የሚል አንድ ወዳጄ አለ። አልስማማም። «መደበኛ ግድያ» ከተራውም ይብሳል፤ ሰው ለመግደል መደብ የተበጀለት ያስመስላል። መፍትሔው በዚያው በሕጉ ቋንቋ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የሕግ ሰዎች ቅጣትን ስለሚጨምሩና ስለሚቀንሱ ምክንያቶች ሲናገሩ «ማክበጃ» እና «ማቅለያ» ይላሉ። ሁለቱም ጥሩ የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ሚዛንን እንጂ የሟቹን ዋጋ አይነኩም። «ማክበጃም ማቅለያም የሌለበት የሰው ግድያ» ቢባል ደረጃው በትክክል ይነገራል፤ ማንም አይዋረድም። የትራፊክ ፖሊስ በየዕለቱ «ከባድ የአካል ጉዳት» እና «ቀላል የአካል ጉዳት» ሲል ቅር የማይለኝም ለዚህ ነው። የሚመዘነው ጉዳቱ ነው፤ የተጎዳው ሰው ቀላል አልተባለም።

ለዕቃውና ለነገሩስ «ተራ» ማለት ይቻላል? ይቻላል፤ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን እንደ አራሚ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አማርኛ ለዓይን ስለማይሞላ ነገር የሚናገርባቸው ቃላት በዝተው ሳሉ ሁሉን በአንድ ቃል እንገፋዋለን። ጨርቁ ሳስቶ፣ ቀለሙ ገና ሳይታጠብ የሚሄድ ከሆነ መናኛ ነው። ያረፈደ ሠራተኛ ማንም የማያምነውን ሰበብ ቢደረድር ምክንያቱ ተልካሻ ነው፤ በዚህ ቦታ «ተልካሻ» የሚለውን ቃል የሚተካ የለም። ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ቡድኖች መሀል ሜዳ ላይ ሲገፋፉ ቢውሉ የስፖርት ጋዜጠኞች «ፈዛዛ ጨዋታ» ይሉታል፤ እንዴት ያለ ትክክለኛ ቃል ነው! ንግግሩ የማይስብ ሰው ለዛ ቢስ ነው፤ ሰውየው ግን በሌላ ነገሩ የተከበረ ሊሆን ይችላል። ብዙ ተወርቶበት ምንም ያልተገኘበት ስብሰባ ረብ የለሽ ነው፤ እርባና ቢስ ነው። «የማይረባ» የሚለውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በግእዝ ረብሕ ትርፍ ነው፤ በአማርኛም ከብቱ ሲዋለድ ይረባል። ስለዚህ አንድን ሐሳብ «አይረባም» ያለ ሰው ከዚህ ሐሳብ የሚወለድ ነገር የለም ብሎ ከነምክንያቱ ነቅፎታል። «ተራ ሐሳብ ነው» ያለው ሰው ግን ፊቱን አዞረ እንጂ ምክንያት አልሰጠም።

ከሁሉም የማደንቀው «እዚህ ግባ የማይባል» የሚለውን አባባል ነው። በሰማሁት ቁጥር የጥንቱ የግብር አዳራሽ ይታየኛል። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ እንግዳውን እንደ ማዕረጉ ያስገባል፤ አንዱን ከከፍተኛው ስፍራ፣ ሌላውን ከመካከል ያስቀምጣል፤ ጭፍራው ደግሞ መኳንንቱ ሲነሡ በተራው ገብቶ ይበላል። «እዚህ ግባ» ያልተባለው ውጭ ቆሞ ይቀራል። ይህን አባባል ዛሬ ለሰው ብናውለው ያንኑ የአዳራሽ በር መልሰን እንዘጋበታለን። ለሥራ ውጤት ስናውለው ግን ወደር የለውም። ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት «እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም» የተባለ ፕሮጀክት በደንብ ተመዝኗል። ምን ያህል እንደ ተሠራ፣ ምን ያህል እንዳልተሠራ በዚህች አንድ ሐረግ ይታወቃል። የኦዲት ሪፖርት የምትጽፉ ሰዎች ይህን ሐረግ ከመጠቀም አትፈሩ።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያነሡት አንድ ነጥብ ሊናቅ የማይገባው ነው። «ተራው ሕዝብ» የሚለውን ካጣን፣ ሥልጣንም ሀብትም የሌለውን የአገሬውን ብዙኃን በምን እንጠራዋለን ይላሉ። የታሪክ ጸሐፊ መሳፍንቱን፣ መኳንንቱንና ካህናቱን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ተራው ሕዝብ» ቢል፣ ማኅበረሰቡ በእርግጥ በማዕረግ የተደረደረበትን ዘመን እየገለጸ ነውና ስሕተት አልሠራም። ያን ማዕረግ የፈጠረው እርሱ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲም አንድ ደራሲ የነገሥታትን ዜና መዋዕል ትቶ ስለ ተራው ሰው ኑሮ ጻፈ ሲል ማመስገኑ እንደ ሆነ ከዙሪያው ይታወቃል። በእነዚህ ላይ እጄን አላነሣም። የእኔ ጥያቄ ዛሬ ስለሚኖሩ፣ ዛሬ ዜናውን ስለሚሰሙ ሰዎች ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። «ዜጋ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ቅጽል አይፈልግም። ሚኒስትሩም ዜጋ ናቸው፤ ሊስትሮውም ዜጋ ነው። ሥልጣን የሌለው ለማለት ከፈለጋችሁ «ሥልጣን የሌለው» በሉ፤ ነገሩ በዚህ መጠራቱ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ሥልጣን የማን እንደ ሆነና የማን እንዳልሆነ በግልጽ ይታያልና።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችሁ የምለምነውን ላስቀምጥ።

የዜና ክፍሎች ሆይ፣ ስለ ሰው ስትጽፉ ሥራውን ጻፉ። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የቀን ሠራተኛ፣ ጥበቃ ከሆነ ጥበቃ፣ ጉልት ቸርቻሪ ከሆነች ጉልት ቸርቻሪ በሉ። የሥራ ስም ለአንባቢ መረጃ ይሰጣል፤ «ተራ» ምንም አይሰጥም። ሥራውን ካላወቃችሁ የሚኖርበትን ወረዳ ጻፉ። እሱንም ካላወቃችሁ «አንድ ሰው» ይበቃል። የፍርድ ቤት ዘጋቢዎች ደግሞ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ «በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 በተመለከተው የሰው ግድያ ወንጀል» ብላችሁ ብትጽፉ ከትክክለኛነት የምታጡት የለም። በርእስ ላይ ከሆነ «በሰው ግድያ» ብቻ በቂ ነው።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በውስጥ ማስታወሻ ላይ የምትጽፉት ከዜና ያላነሰ ይጎዳል። በአንድ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ተራ ሠራተኞች በየትኛው በር መግባት እንዳለባቸው የሚያመለክት ወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ። በዚያ በር በየማለዳው የሚገቡት ሰዎች ሕንፃውን የሚያጸዱት፣ መዝገቡን የሚያመላልሱት፣ ሻዩን የሚያፈሉት ናቸው። ወረቀቱን በየቀኑ ያነቡታል። «በዋናው በር የማይገቡ ሠራተኞች» ቢባል፣ ወይም በቀላሉ «የሠራተኞች መግቢያ» ቢባል፣ ማን ይጎዳ ነበር?

ሕግ አርቃቂዎች፣ የወንጀል ሕጉ ለማሻሻያ በሚቀርብበት ጊዜ የዚህ አንቀጽ አጠራር እንዲታይ አደራ እላለሁ። ቅጣቱም ሆነ የወንጀሉ መስፈርት ይነካ እያልሁ አይደለም። ስሙ ይታይ። የምትመርጡት ቃል ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ከመምረጣችሁ በፊት ግን የሟች ቤተሰቦችን አስቀምጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

መዝገበ ቃላት ለምታዘጋጁ ምሁራን የማቀርበው ልመና ከሙያ ባልደረባ የመጣ ነው። አማርኛ ታላላቅ መዝገበ ቃላት አሉት። በ1951 ዓ.ም. የወጣው የተሰማ ሀብተ ሚካኤል፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ፣ በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያሳተመው፣ ሁሉም በጠረጴዛዬ ላይ ውለው ያድራሉ፤ ሽፋናቸው ለቋል። በሚቀጥለው ሥራችሁ የቃልን ፍች ከመስጠት ጋር ቃሉ ለማን ሲነገር እንደሚያከብር፣ ለማን ሲነገር እንደሚያዋርድ በአጭር ምልክት ጠቁሙልን። ወጣት ጋዜጠኛ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ «ተራ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ስለ ሰው ሲነገር ንቀት ያዘለ» የሚል ማስታወሻ ቢያገኝ፣ እኔ በቀይ ብዕር የምሰርዘውን እርሱ ከመጻፉ በፊት ይተወዋል። «ባላገር»ና «አልባሌ»ም እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይገባቸዋል።

የአርትዖት መመሪያ ያላችሁ የዜና ክፍሎች ይህን በአንድ መስመር ጨምሩበት። መመሪያ የሌላችሁ ደግሞ የማታው ዜና ከመነበቡ በፊት ጽሑፉን ለሚያየው ሰው ከዛሬ ጀምሮ በቃል ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጽሑፍ አራሚ
አዲስ አበባ